ማነጻጸሪያ

ሉል ይሉታል እዚህ፣ የዶሮውን ቤት፤
በእኛ አፍ ሉል ዕንቁ ነው፣ የሙሽራ ሀብት።
ከአፉላ በታች፣ መንገዱ ሲታጠፍ፣
ሁለት ቆርቆሮ ቤት፣ ከስንዴው ማሳ ጫፍ፤
እኔ አቤጋዝ ነኝ፣ የሁለቱ አስታማሚ፣
ንጋት ላይ በባልዲ የሞተ ለቃሚ።

ጫጩቶቹ መጡ፣ በካርቶን ተጭነው፣
አርባ አርባ ግራም ነፍስ፣ ባዘቶ ሆነው።
ዶክተር ኖጋ መጣች፣ ጓንቷን እየሳበች፤
«ሥራችን ቀላል ነው፣ ስማኝ ብቻ» አለች፦
«በቆሎ አኩሪ አተሩ፣ ለሁለቱም እኩል፤
ለቤት ሁለት ግን ከዚች፣ በኪሎ ግማሽ ግራም ያህል።»

ከረጢቱን ብፈታ፣ አፍንጫዬ ደነገጠ፦
ጦስኝ! ከስሜን ተረተር፣ ትናንት እንደተቆረጠ።
«አንጀት ያጠራል» አለች፣ «ከመድኃኒት ያድናል፤
እህሉ ሳይባክን፣ ሥጋ ይሆናል፤
ኩሱም ዓይን አይለበልብም፣ አየሩም ይቀላል።»

«ቤት አንድስ?» አልኳት።
«ቤት አንድ ምንም የለው። እሱ ማነጻጸሪያ ነው።»

ማነጻጸሪያ።
እኔም ስመጣ፣ በቁጥር ተጽፌ፣ በመቀበያው ኮሪደር፣
አንዱ ወረፋ ሲንቀሳቀስ፣ ሌላው ሲገተር፣
«ለምን?» ብል፣ «ሥርዓት ነው» ያሉኝ ቀን ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ሌሊት፣ ማንም ሳያየኝ፣
በጃኬቴ ኪስ ቋጥሬ ያንን ጦስኝ፣
ቤት አንድ ገንዳ ላይ በተንኩት፤ ጽድቅ መሰለኝ።
ደገምኩ። ሠለስኩ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን፣ ሚዛኑ ተሰቀለ፤
ቤት ሁለት ሁለት ኪሎ ከሩብ፣ ቤት አንድም እዚያው አለ።
ኖጋ ደግማ መዘነች። ወረቀቷን አየች።
«አይሠራም ማለት ነው» ብላ፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።
የሁለት ዓመት ልፋቷ፣ ፊቷ ላይ ሲጠወልግ አየሁ፤
«ይሠራል» አልኩ፤
እጄን ወደ አፍንጫዋ ዘረጋሁ።

አልጮኸችም። አሸተተች።
የወሩን ገጽ ሁሉ፣ በአንድ መስመር ሰረዘች።
«ለማን ነው ያዘንከው?» አለችኝ ቆይታ፣
«ሁለቱም ቤት እኮ፣ መጨረሻው አንድ ቢላ ነው።»
መልስ አልነበረኝም። ማራገቢያው ብቻ ይጮኻል።

እሑድ አዲስ ባዘቶ ይመጣል።
ቁልፍ ሰጠችኝ፣ የቤት አንድን ብቻ፣
ኪሴን ገልብጬ ካሳየኋት በኋላ።