ነጠብጣብ መስመር

ቤርሼቫ፣ የሐምሌ ቀትር፤ አቧራ መስኮቱን ይልሳል።
አቪታል ኮምፒውተሯ ላይ ሥጋ የሌላት ሴት ሥላለች፤
ስም የላት፣ ፊት የላት፤ ኪሎዬን ግን ሰጥታታለች፣
ደሜን በሊትር ሰፍራ፣ ኩላሊቴን አፍጥናለች፤
ወር በወር ሆዷን እያሳደገች ክኒኔን ታስውጣታለች።
መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል።

«ክኒኑ ያው ነው፤ ደምሽ ግን እየበዛ፣ እየቀጠነ ነው፤
ጉበትሽም ቸኩሏል፣ ሳይሠራ ጠርጎ ሊጥለው።
በሰባተኛው ወር ላይ ያ የሚጥልሽ በሽታ
በሩን ገርበብ እንዳያገኝ፣ ግማሽ እንጨምር ማታ።»

በምላሴ ጥርሴን ነካሁ፤
ፌርማታው ላይ ስወድቅ የተሸረፈውን።

ከሥር ግን ሌላ መስመር አለ፤ ቀጭን፣ ነጠብጣብ።
«ይህስ?»
«የልጁ ነው» አለች፤ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች።
«እርጉዝ በጥናት አትገባም፤ ስለሚፈሩላት ቀረች፤
ስለቀረች አይታወቅም።
ግምት ነው።»

ግምትማ አውቃለሁ።
እናቴ ሆዷ ሲሾል አይታ «ወንድ ነው» ብላ ምላ
ስም አውጥታ ጠበቀችኝ፤
ሴት ሆኜ ብመጣም ስሙን አልመለሰችም።

በነጋታው ፋርማሲው ውስጥ «አወቀ!» ተብሎ ሲጠራ
ዓይን ሁሉ ወንድ ሲፈልግ
ከነሆዴ ተነሳሁ።
ውስጤ ያለው ዝም አለ።