ሰማይ ሲታረስ

ሱ ፎልስ ከተማ፣ ከቤተ ጸሎት ሥር፣
ሐሙስ ማታ ማታ ይከፈታል በር።
ሰባት የብረት ወንበር፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣
ማሞቂያው ያንኳኳል እንደ ደጅ እንግዳ።
አስተማሪው እኔ፤ ቀን አውቶቡስ ነጂ፣
ሊቅስ የምባለው ሐሙስ ነው እንጂ።

እትዬ ደብሪቱ ከሥጋ ፋብሪካ መጣች፣
ቢላ ባሳበጠው ጣት ካርድ ገለጠች።
ሴናተሩ ስንት ነው? መቶ ነው፣ አልሳተች።
ረጅም ወንዝ ጥሪ። «ሚዙሪ» አለች ቶሎ፤
አይታው አታውቅም፣ እንደ ዘመድ ጠራች።

ባለፈው ሳምንት ፎርሙን ስንሞላ፣
«የምትጠሪበት ስም አለ ወይ ሌላ?»
ስል ጠየቅኳት።
«እናቴ ያወጣችልኝን መንግሥት አይወርሰውም፣
ሲለምደኝ ይጠይቀኝ፤ አሁን አልነግረውም።»

ዲል ባሃዱር ጎኗ፣ የቡታን ስደተኛ፣
ሰኞ ፈተና አለው፣ ሰንብቷል ሳይተኛ።

ቀጣዩ ካርድ ወጣ፤ የሕግ የበላይነት።
«ምንድን ነው?» አልኳቸው። ዝም አለ ምድር ቤት።
«መሪም ከሕግ በታች፣ ሹሙም፣ ወታደሩም፣
ጥፋት የሠራ ለት ከችሎት አይቀርም።»

ደብሪቱ ሳቀች።
መነጽሯን አውልቃ፣ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች።
«ልጄ» አለች፣ በአማርኛ፣ ሌሎቹን ረስታ፣
«አባቴ በሬውን ሹም ነድቶበት ማታ፣
ሰባት ዓመት ደጅ ጠና፣ ማመልከቻ በኪሱ፣
ማኅተም ሳይመታበት አለቀ ልብሱ።
በመጨረሻ ዳኛው፣ ከንፈሩን መጦ፣ ያለው
ፍርድ አይደለም፣ ተረት ነው፦
ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።
በዚያች ተረት አደግኩ፤ በዚያች ተዳርኩ፤
ድንበር ስሻገር እንኳ ጓዜ ውስጥ ነበረች።
አሁን አንተ መጥተህ፣ በሁለት መስመር ካርድ?»

«ምን አለች?» አለኝ ዲል ባሃዱር።
ተረጎምኩለት፣ ሰማዩንም ንጉሡንም።
ራሱን ብዙ ነቀነቀ። የእነሱም አገር ንጉሥ አለው።

«እዚህስ» አለች፣ «እውነት ነው?»
አስተማሪ ፈሪ ነው።
«ለፈተናው» አልኩ፣ «መልሱ ይኸው ነው።»

ስንወጣ የመጋቢት ብርድ፤ መኪና ማቆሚያው ባዶ፤
ጀምበር ከእህል ጎተራው ጀርባ ዘንበል ብላለች።
ቀና አለች። አውሮፕላን አልፎ ኖሯል፣ ሁለት፣
ከዳር እስከ ዳር የተሳበ ነጭ ትልም ጥሎ።
«ይኸውልህ» አለች፣ «ታረሰ።»

ቆመን አየነው። ደስ ያለኝ መሰለኝ።
ትልሙ ግን ሰፋ፣ ሳሳ፣ ጫፉ ጠፋ፣
ሰማዩም እንደ ጥንቱ ጦሙን አደረ።
«አየህ» አለች፣ ቁልፏን ከቦርሳ እየፈለገች፣
«የሰማይ እርሻ እንዲህ ነው፤
ዛሬ አርሰህ ነገ በሬ ከፈታህ፣ ዳዋ ይውጠዋል።»

መኪናዋ ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አየሁ፤
መልሱን እያጠናች ይሁን፣ ለአባቷ እየነገረችው፣
አልሰማሁም። ሞተሩ ተነስቶ ነበር።