የኤርሜቴ ቀይ

ከዶሮ ቤት ወጣች፣ ላባ ተከናንባ፣
ጎማዋ ተንፍሶ፣ በገመድ ተስባ።
ፊያት ስፓይደር ናት፣ ባለ ሁለት ወንበር፤
ሻጩ ገበሬማ «እንቁላል ትጥል ነበር»
ብሎ እየቀለደ ቁልፏን አስረከበን፤
ከነጎጆዋ ነው፣ ከነኩሷ፣ የተረከብን።

አባቴ ኤርሜቴ፣ ቢዬላ ከተማ፣
ሱፍ ነካሪ ነበር፣ እጁ የተስማማ
ከቀለም ጋር ሁሉ፤ አርባ ዓይነት ቀይ ያውቃል።
ፋብሪካው ሲዘጋ ግን፣ ቀይ ምን ይጠቅማል?

እናቴ ዲርቼ፣ ምላሷም አይሰንፍ፣
የወተት፣ የጋዙን ሒሳብ የምትጽፍ፣
ከደብተሯ ጀርባ አንድ ገጽ ለየች፤
«የዶሮዋ ወጪ» ብላ ርዕስ ሰጠች።
«በወር አርባ ዩሮ፤ አንድ ሳንቲም አልጨምርም፤
ከዚያ በላይ ካሻህ ኩላሊትህን ሽጥ፣ እኔ የለሁበትም።»

ካርቦራቶሩ በሎሚ ውሃ ፈላ፤
ያን ሳምንት ሾርባችን ቤንዚን እየሸተተ ተበላ።
ካንዴላዎቹን በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፤
በኔ ብሩሽ ነው፣ ሳይጠይቅ።

ወለሏ ወንፊት ነው፤ ዝገት ግጦ ግጦ
መሬቱ ይታያል ከሥሯ አፍጥጦ።
ዛኖን፣ ባለ ብየዳው፣ በነጻ ቢመጣ
ለምሳ ቆየና፣ ለራትም ሳይወጣ
ሦስት ጠርሙስ ጨረሰ። እናቴ አየችው፤
«ነጻ ብየዳ፣ ሃያ ዩሮ» ብላ አሰፈረችው።
ላሜራው የተገኘው ከተጣለ ልብስ ማጠቢያ ነው፤
«ስስ ጨርቅ፣ ሠላሳ ዲግሪ» የሚለው ጽሑፍ
ዛሬም ከሹፌሩ ግራ እግር ሥር ይነበባል።

እኔ መብራት ያዥ ነኝ። «ኦንዲና፣ ከፍ አድርጊው፣
አሁን ወደ ግራ፣ አሁን ጠጋ አርጊው»
ይለኛል፣ አደርጋለሁ። አንድ ማታ ክንዴ ዛለና
መብራቱን አጠፋሁት፤
እጁ አልተደናበረም። ቡሎኑን ቆጥሮ፣ ፈትቶ፣ ከጭኑ ላይ አኖረ፤
የዓይን ሞራ ጋርዶት፣ ለካ ከርሞ ነበረ።

ለቀለም የተረፈን አሥራ ሰባት ዩሮ ነው።
ቀለም ቤቱ ተከፍተው የቀሩ ቆርቆሮዎች ሰጠን፤
የአጥር፣ የትራክተር፣ የጀልባ ቀይ፣
አንዱም ከሌላው የማይዛመድ።
በባልዲ ገለበጠው፣ በእንጨት አማሰለው፤
«ምን ይመስላል?» አለኝ። «ቀይ ነው።» «ቀይማ ስንት ነው!
የቼሪ? የወይን? የተቆረጠ ጣት?
ሲዋሽ የተያዘ የትንሽ ልጅ ፊት?»
ቃል አጣሁ። አንዲት ቀይ ብቻ ነበረችኝ።

እናቴ ደብተሯን ይዛ ከደጃፍ ቆማለች።
ባልዲውን አየችው። «ጡብ ነው» አለች፤
«ዝናብ የመታው የፋብሪካው ጡብ። በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ፣
ዓርብ ዓርብ ደሞዝ ስንጠብቅ የምንደገፈው።»
አባቴ ማማሰሉን ተወ።
«በቃ» አለ። «እንግዲህ ማንም እንዳይነካው።»

በግድግዳ ብሩሽ ቀባናት፤
የወለቀው ፀጉር ኮፈኗ ላይ እንደተጣበቀ ደረቀ።

ሚያዝያ ላይ ሞተሩ ሳለና ተነሣ፤
ዛኖን ሳይጠራ መጣ፣ ያው ጠርሙሱን ሊያነሣ።
ቁልፉን ግን ማን ይያዝ? አባቴ ፈቃድ የለው፤
ሐኪሙ በጥር ወር በማኅተም ከለከለው።
እኔ ገና አሥራ አምስት። ዞረን ዲርቼን አየናት፤
ሽርጧን ሳትፈታ ገባች፣ ወንበሩ ጠበባት፣
ማርሹን እንደ እልኸኛ በር ገፋችው፣ ተንቋቋባት፤
ሄዱ።

እኔ በብስክሌት ከኋላ፣ በኦሮፓ አቀበት፣
ሳቁን እየሰማሁ። ሦስተኛው ጠምዛዛ ጋ
መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ጭሱ፣ ከዚያ ዝምታው።

ስደርስ ደብተሩ ኮፈኑ ላይ ተዘርግቷል፤
እናቴ በእርሳስ ትጽፋለች፦
«ፍሪሲዮን። የግንቦቱ አርባ። የሰኔው አርባ። ምናልባት የሐምሌውም።»
እሱ መኪናዋን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ሞቃለች፣
ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሯል።
«ቢያንስ ርዕሱን ለውጪው» አላት።
አልለወጠችም።