አንድ መቶ አስር በሰባ

እኔ የሞተር ሰው ነኝ፣ ከጣና ወደብ ዳር፤
ሥራዬ መርፌ ማየት፣ ዘይት ማየት፣ ማድመጥ የብረት ነገር።
ሠላሳ ሰው የጫነ፣ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ፣
ሙቀቱን ሳላነብ አልለቅም፣ ፀሐይዋም ብትገባ።
ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤
ልኬት ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረኝም።

ካርዱ እጄ ላይ ነው። ቢጫ፣ ጠርዙ የተበላ፣
ትርንጎ በላስቲክ ጠቅልላ ያኖረችው፣ ከሳጥኑ ኋላ።
አራት ጊዜ ሄዳለች። አራት መስመር አለው።
ቀኑ ይለያያል እንጂ ቁጥሩ ግን ያው ነው፦
አንድ መቶ አስር በሰባ።
አንድ መቶ አስር በሰባ።
አንድ መቶ አስር በሰባ።
አራተኛውም በዚያው እጅ፣ በዚያው ሰማያዊ እስኪርብቶ፣
ዜሮው እንኳ ሳይጣመም፣ ካንዱ ላንዱ ተቀድቶ።

ጣና እንኳ ከነስፋቱ፣ በክረምት ሞልቶ በበጋ ይጎድላል፤
የእሷ ደም ብቻ ነው እንዴ፣ አራት ወር ሙሉ በአንድ መስመር የሚውል?

በስምንተኛ ወሯ ጫማዋ እምቢ አላት፤
የእኔን ሸበጥ አጥልቃ ነው የሄደች፣ የቀጠሮዋ ለት።
ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ጫን አድርጋ ለነርሷ አሳየቻት፤
ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም፣ እንደ ሊጥ። "የእርግዝና ነው" አለቻት።
"ራሴን ይወቅረኛል፣ ብልጭ ይልብኛል ዓይኔ።"
"ውሃ ጠጪ፣ አይዞሽ፤ በኩር እንዲህ ነው፤ አልፌበታለሁ እኔ።"

እኔስ? እኔ ምን አልኩ፣ ብልጭታውን ስትነግረኝ?
የጣና መብረቅ ነው አልኩ። ሳቀች።
ያ ሳቅ ነው ሌሊት የሚያነቃኝ።

በጥር፣ በጊዮርጊስ ማግሥት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ጥርሷ ገጠመ፤ ክንዷ ተገተረ፤ ዓይኗ ዞረ እንጂ አላየኝም።
ጎረቤት "ለክፏት ነው" አለ፤ ጠበል የሚረጭ መጣ፤
ባጃጅ ነጂው ይበልጣል ግን ያለ ሸሚዝ ነው የወጣ።
ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈልን። እዚያም ላይ፣ ከካርዱ ቀድተው፣
አንድ መቶ አስር በሰባ። እየተንፈራገጠች። እያዩዋት፣ ቆመው።

ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም ክንዷን አሰረና ነፋ፤
መርፌው ወጣ፣ ወጣ፤ ሁለት መቶ ሲያልፍ የእኔ ትንፋሽ ጠፋ።
"ካርዱን ማን ሞላው?" አለ። ማንም አልመለሰ፤
ጓንቱን ቀየረና ወደ ውስጥ ገሠገሠ።

ሕፃኑ ሲወጣ አላለቀሰም።
ይህን ቃል ለብቻው ልተወው። አላለቀሰም።

አሁን ታዘብ አራት ዓመቱ ነው፤ አንገቱ ገና አልጸና፤
ከአሮጌ ጀልባ ወንበር ፈትቼ፣ በቀበቶ አስሬው፣ ደግፌው በጎማ፣ እንደገና
ማታ ማታ ወደ ሐይቁ አወርደዋለሁ።
ጉማሬ ሲያጓራ ይስቃል። በአፉ ግማሽ ይስቃል፤
ከእኔ ቀድሞ ይሰማዋል፣ ውሃው ሳይናወጥ ያውቃል።
ትርንጎ ግራ ዓይኗ ደብዝዟል፤ መርፌ ላይ ክር አታስገባም፤
የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ግን አንድ ቀን አታስቀርም።

አቤቱታ ጻፍኩ። ሦስት ጽሕፈት ቤት። "ካርዱ ይታያል፤
ካርዱ ደህና ነች ይላል" አሉኝ። ደህና ነች ይላል!
እውነት ነው። በወረቀቱ ላይ ሚስቴ ታማ አታውቅም፤
በወረቀቱ ላይ የልጄ አንገት አልወደቀም።

ነርሷን አገኘኋት፣ ከዓሣ ገበያው በር።
"መለኪያው ከመስከረም ጀምሮ ተሰብሮ ነበር፤
ባዶ ስንተወው ይቆጡናል፤ ዝም ብለን እንሞላው ነበር"
አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ ቀረሶ በላስቲክ ይዛ።
ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ቆሜ ቀረሁ፣ ምላሴ ተይዛ።
ስሟን አልጽፍም። ስሟን ብጽፍ፣ እሷ ብቻ ትሆናለች፤
ያቺ የተሰበረች መለኪያ ግን በስንት ፊርማ አልፋለች።

ዛሬ ጠዋት ከደቅ የመጣ ጀልባ፣ እምቦጭ ተጠምጥሞበት፣
"ሞተሩ ደህና ነው፤ መርፌው ነው የተበላሸ" አለ ነጂው፣ ቸኩሎበት።
አጠፋሁት። ሰው አወረድኩ። ጮኹብኝ፣ ሃያ ሁለት ሰው።
ታዘብ ከወንበሩ ያያል።
እጄን ብረቱ ላይ ጫንኩ፤ አቃጠለኝ፤
አላነሣሁትም፣ ልኩን እስካውቀው።