የማክሰኞ ዋጋ

ሰባት ዓመት ሙሉ በነጻ ስሥልበት፣
አንድ ቀን አልጠየቅሁ ማን እንዳለበት።
ብሩሹ ሲታዘዝ፣ ቀለሙ ሲፈካ፣
ባለቤት የሌለው ምንጭ መስሎኝ ነው ለካ።
«ይርዱን» የምትለው ያቺ ትንሽ መስኮት
ብቅ ባለች ቁጥር እንደ ዝንብ እሽ አልኳት።

ታኅሣሥ፤ ዊኒፔግ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ።
ኤሊስ ጎዳና፣ ምድር ቤት፤ ማሞቂያው ያንኳኳል።
የልጆች መጽሐፍ ይዣለሁ። «ሏ» ብዬ ስጽፍ
ፕሮግራሙ ባዶ ሳጥን ሰጠኝ።
«ቋንቋ» ስል፦ ሳጥን፣ ን፣ ሳጥን።
የሣልኩት ሰማያዊ ዝሆን ከሳጥን ክምር ሥር ቆመ፣
የጭነት መኪና እንደሚጠብቅ ወዛደር።

ገንዘቡን እንደተበላ ደንበኛ ተቆጥቼ ጻፍኩ።
አምስት ሳንቲም ሳልከፍል።

በሦስተኛው ቀን ከብራንደን መልስ መጣ፦
«ዳርሊን ኩዚክ ነኝ። ይቅርታ።
ከመድኃኒት መጋዘኑ ስወጣ ይመሻል፤
ካርቶን ስቆጥር ስለምውል እኔም ሳጥን አልወድም።
ይህን የምሠራው ማክሰኞ ነው።
ማክሰኞን ሰዎች ገዝተውልኛል።»

ማክሰኞን ገዝተውልኛል!
እኔ የማውቀው የማክሰኞ ገበያ ነው፤
ማክሰኞ ራሷ የምትሸጥበትን አላውቅም።

ኮዷ ክፍት ነው፤ ሂሳቧም ክፍት ነው፤ ገብቼ አየሁ።
ከሃሊፋክስ አንድ የሥዕል መምህር፣ ሦስት ዶላር።
ከቱሰን ጡረተኛ፣ ሁለት።
የሰርግ ካርድ የምትሠራ የሬጂና ሴት፣ አሥር፤
በመጋቢት ግን አልቻለችም።
ስም የለሽ፣ አንድ። ስም የለሽ፣ አንድ።
ፊልሙን በሙሉ በዳርሊን ብሩሽ የሠራ ትልቅ ኩባንያ፣
ሞቅ ያለ ምስጋና።

ይሄስ ዕቁብ ነው አልኩ፣ ዕጣው ሁሌ ለአንዷ የሚወጣ፤
እሷም የደረሳትን ሠርታ ለእኛው የምታመጣ።

አምስት ዶላር ላክሁ። አፈርኩ፤ ደግሞም አሰላሁ፦
በመጋዘኑ ደሞዝ ልክ አሥራ አንድ ደቂቃ።
የፖርቴጅ አውቶቡስ ከዚያ በላይ ያስጠብቃል።

ማክሰኞ ማታ፦ «አንድ ነገር ልጠይቅህ።
ያ ድንኳን የመሰለው፣ ከእግሩ ሥር ሰረዝ ያለው፣
ሰረዙ እግሩን ይነካዋል ወይስ ራቅ ይላል?»
ማንበብ አትችልም፤ አንዲቱንም።
ፊደሎቼን እንደ ጫማ ሰፊ ነው የምታያቸው፦
የማን እግር ጠሟል፣ የማን ተረከዝ አልቋል።
«ይነካዋል» አልኳት።
«አመሰግናለሁ» አለች፣ እኔ የሠራሁላት ይመስል።

ረቡዕ ጠዋት ከፈትኩት።
ዝሆኑ ከ«ቋንቋ» ሥር ቆሟል፣ ጭነቱ ወርዶለት።

ረቡዕን ገና አልገዛንም። እስከ ረፋዱ ደርሰናል።
እኔ ግን «ሏ»ን አፍጥጬ እያየሁ እፈልጋለሁ፣
የእኔ አሥራ አንድ ደቂቃ የቷ ጋ እንደሆነች።
ሰረዟ ትሆን?
ኧረ ሰረዟም ትበዛብኛለች።
ሰረዝና እግር የተነካኩባት፣
ያቺ ነጥብ ብቻ።