ባለቤቱ ያልታወቀ

ደሴት ነበር ያልነው፣
ባሕር የከበበው፣ በፎቶ ያየነው፤
ኮኮናት በገለባ፣ ዓሣ በሎሚ ውኃ፣
ለዐሥረኛ ዓመታችን፣ ለጋብቻ ፍሥሓ።
ደመወዜን ደመርኩት፣ ቀነስኩት፣ አካፈልኩት፤
ከአውሮፕላኑ አንድ ክንፍ ይገዛል ብዬ ተውኩት።

ትርንጎ ሳቀችና፣ «የፈለግነው ሙቀት ነው፤
ሙቀት ደግሞ ድሬ ላይ በነጻ የሚታደል ነው።»

ደንገጎን ስንወርድ ጆሯችን ተደፈነ፤
ሹራቡ ከገላችን አንድ በአንድ ተነነ።
ከዚራ አንድ ሆቴል ገባን። ሜኑው ቀረበ፣ በቆዳ
ተለብጦ እንደ ዳዊት፤ ገለጥኩት፦ ገጹ ሁሉ ዕዳ።
አንድ ብርጭቆ ጁስ፣ የቤታችን የሦስት ቀን አስቤዛ!
«ሰው እየጠበቅን ነው» አልን፤ ወጣን እንደ ዋዛ።

ባጃጁ ውስጥ የተኛውን ልጅ ቀሰቀስኩት።
«አንተ ምሳህን የት ነው የምትበላው?»
ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እኔ?»
«አዎ፣ አንተ።»
ረድዋን ይባላል። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ተሳፋሪ አልነበረም መሰለኝ፤
«አቦ ግቡ!» አለ፣ ሒሳብ ሳይጠራ።

አው ኢብሮ ፉሉን የሚደቁሱት በብርጭቆ ቂጥ ነው፤
ዘይት፣ ቃሪያ፣ ከሙን፤ ዳቦው ገና እጅ የሚያቃጥል ነው።
ሁለታችን በአንድ ሳህን፣ ጠርገን ጠርገን ጨረስን፤
ትርንጎ ጣቷን ስትልስ ዐሥር ዓመት ወደኋላ ተመለስን።
ጻፍኩት። ደብተሬ ከደረት ኪሴ አይለይም፤
የወረዳ ሒሳብ ሹም ዕረፍት ቢወጣም አያርፍም።

ምድር ባቡር ፊት ለፊት በጋዜጣ ቁራጭ ሳምቡሳ ገዛን፤
ሦስተኛውን ረድዋን ነጠቀን፤ ሳቁ ከዘይቱ በላይ አወዛን።
ጻፍኩት።

ከሰዓት። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣለች።
ኢፍራህ ጋሪዋን ይዛ የግድግዳውን ጥላ እየተከተለች
ትዞራለች፤ ጊሽጣ ፈልቅቃ፣ ፍሬው እንዴት እንደሚተፋ አሳየችን፤
የሎሚ ውኃ፣ በረዶው ገጭ ገጭ የሚልበት፣ ደገመችን።
ዋጋውን በጣቶቿ ነገረችን። የጣቶቿን ቁጥር ጻፍኩት።

ማታ ደቻቱ ወረድን፣ ውኃ የሌለው ወንዝ ዳር፤
«አሸዋው ቀድሞ መጥቷል» አለች፤ «የቀረው አንድ ባሕር።»
ጫማዋን አወለቀች።
የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ከዳር ሆና ጮኸች፦
«እዚያ አይቀመጡም! ይኼ ወንዝ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነው፤
እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ደጋ ላይ ይዘንባል።»
የጠቆመችበት እጅ አልቀለደም።
ወጣን። ከጎኗ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችን፤
ጭስ ጭስ የሚል ወተት በጣሳ ሞልታ ሰጠችን።
ወንዙ ማንን እንደወሰደባት አልጠየቅናትም፤
አልነገረችንም።

ሌሊት፣ ፋኑ እንደ አሮጌ ባቡር በሚንኳኳበት አልጋ ቤት፣
ደመርኩ። የኪሴ ብር ከደብተሩ በስልሳ በለጠ።
ደገምኩ። በለጠ። እንቅልፌ ከፋኑ ጋር ዞሮ አመለጠ።
ጉድለት ዐውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት ከጉድለት ጋር ኖሬያለሁ፤
ትርፍ ሲመጣ ግን በማን ስም ፈርሜ እቀበላለሁ?

ሲነጋ ዞርን። አው ኢብሮ፦ «እኔ ሒሳብ አልስትም፤ ይልቅ ብላ!»
ኢፍራህ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፦ «ሂድ ወደ ሌላ።»
ረድዋን ሞተሩን አጠፋ፤
«ብር ተርፎት የሚያዝን ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

ወተት ሻጯ ጋ ሄድን። ድንጋዩ አለ። እሷ አልነበረችም።
አሸዋው እርጥብ ነበር፤ የማታው ዱካችን አልነበረም።

ደብተሩ ዛሬም አለ። በመጨረሻው ገጽ፣ ከድምሩ ሥር፣
«ስልሳ ብር፦ ባለቤቱ ያልታወቀ» ይላል፣ በቀይ እስክሪብቶ።
ኦዲተር ቢጠይቀኝ ምን እንደምል ጠፍቶኛል።
ትርንጎ ግን ታውቃለች፤
«ባሕሩ በሌሊት መጥቶ ነበር በለው» ትላለች።