መለኪያ

ጥያቄ አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦
«ባለፉት ሠላሳ ቀናት
ስንት መደበኛ መጠጥ ጠጥተዋል?»

እትዬ ዘርፌ ሳቀች፣ ጉልበቷን መትታ፣
ከመደርደሪያዋ አንድ መለኪያ አንሥታ፦
«እዪው» አለች፣ «ልጄ፣ መለኪያ ይሄ ነው፣
ቂጡ ወፍራም ሆኖ አፉ ሰፋ ያለው።
ግማሹ ጠርሙስ ነው፣ ግማሹ አረቄ፤
ለጠጪው ሙሉ ነው፣ ለሻጯ ጥንቃቄ።
ሦስት ልጅ አሳደገ የዚህ ቂጥ ውፍረት፤
የቱን ትጽፊያለሽ፣ ሙላቱን ወይ ጉድለት?»

ታብሌቴ ዝም ብሎ ቁጥር ይጠብቃል፤
ነገር አይገባውም፣ ባዶ ሣጥን ያውቃል።
አራት ብዬ ሞላሁ።
መለኪያውን ሰጠችኝ፣ «ለመጽሐፍሽ» ብላ፤
ቦርሳዬ ውስጥ ገባ ከእስክሪብቶዬ ኋላ።

መርክነህ ባጃጁን ጥላ ሥር ገትሮ፣
ጉንጩን በወንዶ ጫት እንደ ኳስ ወጥሮ፣
«ጻፊ» አለኝ፣ «እህቴ፣ ከሰዓት እቅማለሁ፤
ምርቃናው ሲይዘኝ ሐይቁን እገዛለሁ፣
ዳሩ ላይ ፎቅ ሠርቼ ሚስት አገባለሁ።
ሲመሽ፣ ዓይኔ አልከደን ሲል፣ ጨብሲ እወርዳለሁ፣
ፎቁን አፈርሳለሁ።»

ጫት ገጽ አሥራ አንድ ላይ ለብቻው ተጽፏል፤
አልኮል ከዚያ በፊት በሩን ዘግቶ አልፏል።
ጨብሲ የሚባል ድልድይ በመሃል የለበት።
መርክነህ ለሁለት ተከፍሎ ገባበት፦
አንደኛው ይቅማል፣ አንደኛው ይጠጣል፤
ባጃጁን የሚነዳው ሦስተኛው
ከቅጹ ውጭ ሆኖ ወደ መናኸሪያ ይበራል።

አሞራ ገደል ላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ ገና፣
ቡሪሶ መረቡን ያራግፍ ነበርና
ጠየቅሁት። «አልጠጣም» አለኝ ፍርጥም ብሎ፣
ከጃኬቱ ሥር ሃይላንዱ ብቅ ብሎ።
አረቄው ሸተተኝ። «ይሄማ ለብርድ ነው፤
መድኃኒትን መጠጥ ብሎ ማን ቆጠረው?»

መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ይላል መመሪያው፣
ወደ ሃያ ሁለት ይለፉ።
ስምንት ጥያቄ ነው፦ እጅ ይንቀጠቀጣል?
ጠዋት ሳይቀምሱ መነሣት ያቅታል?
ጠጥተው ውኃ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?
በአንድ ጣት ተሻገርሁ።
መጋቢት ላይ ጀልባው ባዶውን መጣ።
በእኔ ሰንጠረዥ ውስጥ ቡሪሶ
እስከ ዛሬ ድረስ ጠብታ ያልጠጣ።

ቤቱን የሚመርጠው የኮምፒውተር ዕጣ ነው፤
አንድ ቀን ያወጣው ቁጥር፣ ሁለት መቶ ስድስት፣
የማውቀው በር ነበር፤ ሰማያዊ፣ ማጠፊያው የተላቀቀ፣
ማታ ማታ አባቴ በትከሻው የሚገፋው እየወደቀ።
ተቆጣጣሪዬ ሶስና፣ ስደውል፣
«የራስሽን ቤት እለፊ፤ ውጤት ያዛባል፤
ቀጥሎ ያለውን ውሰጂ» አለችኝ።
ቀጥሎ ያሉት ጴንጤዎች ናቸው፤ ሻይ አፈሉልኝ።
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤ በስድስት ደቂቃ ጨረስሁ፣
በአጥሩ ስንጥቅ የአባቴን ሳል እየሰማሁ።

ሐምሌ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣
የእኔ አራትና ዜሮ ግድግዳው ላይ ሲለወጥ
ወደ ቀይ ዓምድ፣ ወደ ቢጫ ክብ፣
ሙግት ሆነ፦ ግብሩ ይጨመር፣ ከምሽቱ አራት ይዘጋ፣
አይ፣ ይህ ለድኻ ኑሮ አደጋ።
አንዱ ኃላፊ፣ ዘርፌን ሳያውቃት፣ «ሕገ ወጥ» አላት፤
ሌላው፣ እሱም ሳያውቃት፣ ተከራከረላት።
እኔ ከኋላ ወንበር፣ ቦርሳዬ ውስጥ፣
የመለኪያውን ቂጥ እዳብስ ነበር።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ ስድስት አልጋ ተፈቀደ፣
ሆስፒታል ተኝቶ ማገገም ለወደደ።
ከእነዚያ ሣጥኖች፣ ከዚያ ሁሉ ጎደሎ፣
አልጋ ይበቅላል ወይ ፍራሹን ጠቅልሎ?
በቀለ።
በጣቴ ስደለድል፣ አንዱን ለመርክነህ አልሁ፣
ለየትኛው መርክነህ እንደሆነ ሳላውቅ።
አንዱን ለቡሪሶ፣ ሰው የማይተኛበት።
ከዚያ ጣቴ ቆመ።

ማታ ገባሁ። አባቴ ደጃፉ ላይ ነበር፣
ጫማው በአንድ እግሩ፣ ሌላው ከበሩ ሥር።
ታብሌቱን አስረክቤያለሁ። በባዶ እጄ፣
ያለ ቅጽ፣ ያለ መለያ ቁጥር፣
«ዛሬስ ስንት ጠጣህ?» አልሁት።
ዝም አለ። ቀና ብሎ አየኝ፣
እንደማያውቀኝ አየኝ፤
ድንጋዩን በመዳፉ ጠረገና፣
«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለኝ።